አዲሱን ሰንጢ ማን ሠራው? ስትገምቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የታወቀ ብራንድ የአዲስ ሰንጢ ፎቶ ይለቃል። ዋጋው አልተነገረም። የሚወጣበት ቀን «በቅርቡ» ነው። ስለቱ እንኳ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ሰብሳቢው ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ይረባረባል፦ ማን ነው የሚሠራው? አንዱ «የሪኤት እጅ ነው፣ አያሳስትም» ይላል። ሌላው «ኧረ ዊ ናይፍ ነው» ብሎ ይሟገታል (ሁለቱም የቻይና ሰንጢ ሠሪዎች ናቸው)። ሦስተኛው ታይዋን ነው ብሎ ይምላል። ሦስቱም ያዩት ያንኑ አንድ ፎቶ ነው።

መገመቱ ደስ ይላል፣ እኔም አልጠላውም። የሚያናድደው ማታ ላይ ግምት የነበረው ጠዋት «የተረጋገጠ» ተብሎ ሲመጣ ነው። ያንን ይዞ ገንዘቡን ቀድሞ የሚከፍል አለ። ዕቃውን በእጁ ሳይነካ «የቻይና ነው፣ ተዉት» እያለ የሚያጣጥልም አለ። ስለዚህ ግምቱን አትተዉት፣ እነዚህን ስህተቶች ግን ተዉ።

ብራንዱን ሠሪው ነው ብሎ መነሳት

በሰንጢ ንግድ ስሙ የተጻፈው ድርጅትና ብረቱን የቆረጠው ፋብሪካ ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው። አንዱ አሠሪ፣ ሌላው ሠሪ። ነውር የለበትም፣ አዲስ ነገርም አይደለም።

ስፓይደርኮን ውሰዱ። ኮሎራዶ ውስጥ ጎልደን በምትባል ከተማ ያለ የአሜሪካ ድርጅት ነው፣ የራሱ ፋብሪካም እዚያው አለው። የመጀመሪያው ሰንጢው ግን፣ በ1981 የወጣው ወርከር፣ የተሠራው ጃፓን ነው፣ ሰኪ ከተማ። ዛሬም ዴሊካና ኢንዱራ የሚመጡት ከሰኪ ነው። ፓራሚሊተሪ 2 ከጎልደን፣ ሴጅ የሚባሉት ከታይዋን ታይቹንግ፣ ቴኔሸስ ከቻይና። ከጣሊያን ማኒያጎ ያስመጣቸውም አሉ። ሁሉም ላይ ያለችው ያቺው የስፓይደርኮ ምልክት፣ ሸረሪቷ ናት፣ የመጡበት አገር ግን አምስት ነው። እንግዲህ «አዲስ ስፓይደርኮ ሊወጣ ነው» የሚል ዜና ብቻውን ስለ ሠሪው ምን ነገራችሁ? ምንም።

ቦከርም እንደዚያው ነው። ድርጅቱ የጀርመን፣ የዞሊንገን ነው። ቦከር ፕላስና ማግነም የሚላቸው ግን በአብዛኛው ከእስያ ይመጣሉ፣ አርቦሊቶ ደግሞ ከአርጀንቲና። የስዊድኑ ፎልክኒቨን ስሙን የተከለው ጃፓን ውስጥ በተሠሩ ቢላዎች ነው። «ቦከር» የሚለውን ብቻ አይቶ ጀርመን ገዛሁ ያለ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ ስለቱን ሲያገላብጥ ፊቱ ይጠቁራል። ጥፋቱ የቦከር አይደለም፣ ተጽፎለታል። ዞሊንገን የሚለው ስም በጀርመን በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ዋና ዋናው የማምረት ሥራ እዚያው አካባቢ ካልተሠራ በስተቀር ስሙን ስለት ላይ ማተም አይቻልም። ስለዚህ በቦከር ሰንጢ ላይ መፈለግ ያለባችሁ የብራንዱን የዛፍ ምልክት አይደለም። «ዞሊንገን» የሚለው ቃል አለ ወይስ የለም፣ እሱን ነው።

ተቃራኒውም አለ። ዊ ናይፍ በራሱ ስም ገበያ ከመውጣቱ በፊት ለዓመታት ለሌሎች ሲሠራ የኖረ ፋብሪካ ነው። ዛሬ ዊ እና ሲቪቪ የሚሉ የራሱ ስሞች አሉት። ታዲያ አዲሱ ሰንጢ የሲቪቪን ሰንጢ መሰለ ማለት ዊ ሠራው ማለት ሊሆን ይችላል፣ አንድ ዲዛይነር ለሁለቱም ስለሳለ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ ዘመኑ እንዲህ ዓይነት ቅርጽ ስለወደደ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከፎቶ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

አገሩ ታወቀ፣ እንግዲህ ፋብሪካው ታወቀ ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው ባይ ነኝ።

አሜሪካ የሚገባ ቢላዋ የተሠራበት አገር ስም ራሱ ዕቃው ላይ መኖር አለበት። የጉምሩክ ደንቡ በተለይ ለቢላዋ፣ ለመቀስና ለፒንሳ ጠበቅ ይላል። ወረቀት መለጠፍ አይበቃም። የአገሩ ስም ብረቱ ላይ መመታት፣ በአሲድ መጻፍ ወይም መቀረጽ አለበት። እነዚያ ስለቱ ሥር፣ ማጠፊያው አጠገብ የምታገኟቸው ትናንሽ «ቻይና»፣ «ታይዋን»፣ «ጃፓን» የሚሉ ጽሑፎች የመጡት ከዚህ ነው። ልብ በሉ፣ ደንቡ የሚጠይቀው አገር ነው። የፋብሪካ ስም ጻፉ የሚል የለም። ስፓይደርኮ «ታይቹንግ፣ ታይዋን» ብሎ ከተማውን ጭምር ሲጽፍ ከሚጠየቀው በላይ ነው የነገራችሁ። የፋብሪካው ስም ግን እዚያም ላይ የለም።

«ቻይና» የሚል ስታዩ አንድ ፋብሪካ ከታያችሁ ተሳስታችኋል። ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያንግጂያንግ የምትባል ከተማ አለች፣ ቢላዋና መቀስ መተዳደሪያዋ ነው። ከኩሽና ቢላዋ እስከ ውድ የቲታኒየም ሰንጢ ከዚያ ይወጣል። ዊ ናይፍና ካይዘር የዚያው ከተማ ልጆች ናቸው። ከነሱ ጎን ስማቸውን እኔም እናንተም ሰምተን የማናውቅ፣ ለሌላ ብቻ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ግምታችን ሁሉ በሦስት አራት ስም ላይ የሚሽከረከረው የምናውቀው እነሱን ብቻ ስለሆነ ነው። የማይታወቀውን ማን ይገምታል!

ማኒያጎም ያው ነው። ላየንስቲል፣ ፎክስ፣ ቫይፐርና ማዜሪን እዚያው አንድ አካባቢ ናቸው። «ጣሊያን ከሆነ ላየንስቲል ነው» የሚለውን ስንቴ ሰማነው።

የሰኪን ነገር ደግሞ ረጋ ብላችሁ እዩት። ከተማዋ ከሰይፍ ዘመን ጀምሮ የስለት ከተማ ናት፣ ሥራውም ከጥንት ጀምሮ ተከፋፍሎ የሚሠራ ነው። ብረቱን የሚቆርጠው አንዱ፣ አግሎ የሚያጠነክረው ሌላው፣ ስለቱን የሚሞርደው ሌላ ትንሽ ወርክሾፕ፣ እጀታውን የሚገጥመው ደግሞ ሌላ። ጂ ሳካይና ሞኪን የመሳሰሉት በራሳቸው ስምም ይሠራሉ፣ ለሌላም ይሠራሉ። እንዲህ ባለ ከተማ «ማን ሠራው» ብላችሁ ስትጠይቁ አንድ ስም ብቻ መጠበቁ ራሱ ትክክል ላይሆን ይችላል። ዞሊንገንም በየቤቱ ሞርዶ በሚያስረክብ ባለሙያ የኖረ ከተማ ነው።

ስለ አሜሪካም አንድ ነገር። «በአሜሪካ የተሠራ» ብሎ ያለ ምንም ተጨማሪ ቃል ለመጻፍ የአገሩ የንግድ ኮሚሽን የሚፈልገው ዕቃው ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ሁሉ ነገሩ እዚያው የተሠራ መሆኑን ነው። «በአሜሪካ የተገጣጠመ» ወይም «በአሜሪካ ዲዛይን የተደረገ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ቃሉ በጥንቃቄ ነው የተመረጠው፣ እናንተም በጥንቃቄ አንብቡት። ከተነገረው ያልተነገረው የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ብረቱን እንደ አሻራ መቁጠር

ይሄ አጭር ነው። ብረት የሚገዛ ዕቃ ነው። ኤም390 የኦስትሪያው ቦለር ብረት ነው፣ የጣሊያኑም የቻይናውም የአሜሪካውም ሰንጢ ላይ ታገኙታላችሁ። 14ሲ28ኤን የስዊድን ብረት ነው፣ ሲጀመር ከርሾው ለሚባለው የሰንጢ ብራንድ ተብሎ የወጣ፣ ዛሬ ግን በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጠው የቻይና ሰንጢ ግማሹ እሱን የለበሰ ነው የሚመስለው። ማግናካት በ2021 የወጣ የአሜሪካ ብረት ነው፣ ብዙ ሳይቆይ ቻይና በሚሠሩ ሰንጢዎች ላይም አየነው። «ማግናካት ከሆነ አሜሪካ ነው የሚሠራው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቡና ጋብዙትና የካይዘርን ካታሎግ አሳዩት።

ብረቱ የሚነግራችሁ አሠሪው ምን ያህል ለማውጣት እንደቆረጠ ነው።

መቆለፊያውን አይቶ መፍረድ

ይሄ ድሮ ይሠራ ነበር። የአሜሪካው ሰንጢ ሠሪ ቤንችሜድ አክሲስ ሎክ የሚባለውን መቆለፊያ በ1998 ገበያ ላይ ሲያወጣው በፓተንት የተጠበቀ ነበር። ለረጅም ጊዜ በሁለቱም ጎን በጣት የሚሳብ ዘንግ ያለው ሰንጢ ስታዩ ቤንችሜድ ነው ብላችሁ ብትወራረዱ አብዛኛውን ጊዜ ትበሉ ነበር። ፓተንት ግን ዕድሜ አለው። ጊዜው ሲያበቃ መቆለፊያው «ክሮስባር» እየተባለ በየፋብሪካው ገባ። አሁን በሃምሳ ዶላር ሰንጢ ላይም አለ። ዛሬ ከዘንጉ ተነስቶ ሠሪውን መናገር የሚቻልበት ዘመን አይደለም።

ሰንጢ ሠሪው ክሪስ ሪቭ በሰበንዛ ሰንጢው ያስተዋወቀው ፍሬም ሎክም፣ የእጀታው አንድ ጎን ራሱ ስለቱን የሚቆልፍበት፣ ያው ዕጣ ነው የደረሰው። ቲታኒየም እጀታ ያለው ሰንጢ ሁሉ ዛሬ እሱን ይዟል ብል ብዙ አላጋነንኩም። ስፓይደርኮ ራሱ በሴጅ ሰንጢዎቹ በእያንዳንዱ ላይ የተለየ መቆለፊያ አድርጎ ነው ያወጣው፣ የሪቭን ዓይነት ጨምሮ፣ ሁሉንም ታይቹንግ አሠርቶ። መቆለፊያው ተለዋወጠ፣ ከተማው አልተለወጠም።

በዚሁ ርዕስ ላይ ሁሌ የማነሳው የዲዛይነሩን የዳግ ሪተርን ሰንጢ ነው። አርኤስኬ ማርክ 1 የሚባለውን መጀመሪያ የሠራለት ቤንችሜድ ነበር። ያ ቆመ። ከዓመታት በኋላ ሰንጢው ተመልሶ መጣ፤ ስሙ ያው፣ ቅርጹም የድሮውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው የሚለየው፣ ሠሪው ግን ሆግ የሚባል ሌላ ድርጅት። ስለዚህ «ያለፈውን እገሌ ስለሠራው ሁለተኛውንም እሱ ነው የሚሠራው» የሚለውም አያስተማምንም። ውል ያልቃል፣ ፋብሪካ ሥራ ይበዛበታል፣ ዋጋ ላይ አይስማሙም፣ ብራንዱም ይሄዳል።

ፎቶውን ከሚናገረው በላይ ማናገር

ፎቶ ማጉላት እንወዳለን። ይገባኛል። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሰንጢውን ኪስ ላይ የሚይዘው ክሊፕ ላይ ነው፦ ከቀጭን ብረት ታጥፎ ነው ወይስ ከቲታኒየም ተፈልፍሎ የወጣ? በስንት ብሎን ተያዘ? ቀጥሎ ማጠፊያው። የብሎኑ ጭንቅላት የተለመደው የኮከብ ቅርጽ ነው ወይስ ልዩ መፍቻ የሚፈልግ? የእጀታው ጠርዝ ጣት እንዳይቆረቁር ተለስልሷል ወይስ ማሽኑ እንደለቀቀው ነው? አውራ ጣት የሚያርፍባቸው ጥርሶች እኩል ናቸው? ከውስጥ የሚያሳይ ፎቶ ከተገኘማ ሠርግ ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ብረቱ እንዴት እንደተቦረቦረ፣ የማሽኑ ጭረት ወዴት እንደሚሄድ፣ ኩሽኔታው ባዶ ይሁን በቀለበት የተያዘ፣ ሁሉም ይታያል።

እነዚህን ማየት ጥሩ ነው፣ ዓይን ይስላል። ግን ብሎንና ኩሽኔታ ከገበያ የሚገዙ ናቸው። አንድ ክሊፕ በሦስት ብራንድ ሰንጢ ላይ ስታገኙ ሦስቱም ከአንድ ፋብሪካ ወጡ ማለት አይደለም፣ ክሊፑን ከአንድ ቦታ ገዝተው ይሆናል። ከአንድ ምልክት ተነስታችሁ ስም አትጥሩ። አራት አምስት ምልክት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክት ያን ጊዜ «ይመስለኛል» ማለት ያስኬዳል።

ከዚያም በፊት ግን የምታዩት ነገር ፎቶ መሆኑን አረጋግጡ። ቀድሞ የሚለቀቀው ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር የተሳለ ምስል ነው። ጥላው ልስልስ፣ ብሎኖቹ ጭረት የላቸው፣ ጣት የነካው ምልክት የለ። እንዲህ ያለው ገና በማንም ፋብሪካ አልተሠራም! ያልተሠራን ነገር ማን ሠራው ብሎ መጨቃጨቅ...

ናሙናም ሌላ ወጥመድ ነው። በጃንዋሪ ላስ ቬጋስ በሚደረገው ሾት ሾው ወይም በጁን አትላንታ በሚደረገው ብሌድ ሾው በሚባሉት ኤግዚቢሽኖች መስታወት ውስጥ የሚቀመጡት አንዳንዶቹ ናሙናዎች ናቸው። ዲዛይነሩ በራሱ ወርክሾፕ በእጁ የሠራው ሊሆን ይችላል፣ ፋብሪካው ለሙከራ ያወጣው ሊሆን ይችላል። ገበያ የሚወጣው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ብረት፣ ሌላ ክሊፕ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አትላንታ ያላችሁ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ፤ ብሌድ ሾው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ቲኬት ቆርጣችሁ ገብታችሁ ዕቃውን ማየት ትችላላችሁ። ስትጠይቁ ግን «ማን ነው የሚሠራው» ብላችሁ አታፋጡ። ሠሪውን ላለመናገር ውል የፈረሙ አሉ፣ ሰውየውን አጉል ቦታ ታስገቡታላችሁ። «ገበያ የሚወጣው ላይ የየት አገር ስም ይጻፍበታል?» በሉት። ያንን ለመመለስ ብዙም የሚከብደው አይመስለኝም፣ የማይቀር ነገር ነዋ።

የጭነት መዝገብ አገኘሁ ብሎ መደምደም

ይሄ የጎበዞቹ ስህተት ነው። አሜሪካ በመርከብ የሚገባ ጭነት ዝርዝር (ማኒፌስት) በከፊል ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ላኪው፣ ተቀባዩ፣ የዕቃው ዓይነት ይታያል። አንዳንዱ ሰብሳቢ እዚያ ገብቶ የብራንዱን ስም ይፈልጋል፣ ከአጠገቡ የፋብሪካ ስም ያገኛል፣ አለቀ ደቀቀ፣ «ይኸው ማስረጃ» ይላል።

ጥሩ ፍለጋ ነው፣ አልናቅኩትም። ግን ቀዳዳው ብዙ ነው። ድርጅቶች ስማችን አይታይ ብለው ማመልከት ይችላሉ፣ ሲፈቀድላቸው ለሁለት ዓመት ይሸፈናል፣ ያድሱታልም። በአየር የሚመጣው እዚያ መዝገብ ላይ የለም፤ ሰንጢ ደግሞ ትንሽና ውድ ዕቃ ነው፣ በአየር ቢመጣ አይገርምም። ላኪ ተብሎ የተጻፈውም ፋብሪካው ላይሆን ይችላል፣ ዕቃ አስተላላፊ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ መዝገቡ ላይ «ቢላዋ» ይላል እንጂ የትኛው ሞዴል እንደሆነ አይልም። አንድ ብራንድ ከሁለት ፋብሪካ የሚያሠራ ከሆነ ያገኛችሁት የሌላኛውን ሰንጢ ጭነት ሊሆን ይችላል።

አንድን ወሬ አሥር ጊዜ ሰምቶ አሥር ምስክር ማድረግ

አንዱ «ሪኤት ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ሁለተኛው «ሪኤት ነው ይባላል» ይላል። ሦስተኛው ቪዲዮ ላይ «በሪኤት የሚሠራው አዲሱ ሰንጢ» ብሎ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሰውዬ ቪዲዮውን አይቶ «ብያችሁ ነበር!» ይላል። ከየት እንደጀመረ ወደኋላ ተከትላችሁ ካልሄዳችሁ አሥሩም ሰው ያየው ይመስላችኋል። ሻጭ ድረ ገጽ ላይ የተጻፈንም እንዲሁ አትመኑ፤ ዕቃው ገና ሳይመጣ የሚሞላ ቅጽ ነው፣ የአገሩ ቦታ ላይ በግምት የሞላም አይጠፋም።

በፋብሪካው ስም ጥራትን መደምደም

«የቻይና ከሆነ ተዉት» እና «ሪኤት ከሠራው ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ» ሁለቱም የአንድ ስህተት ልጆች ናቸው። ፋብሪካው እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ በጨርቁና በተከፈለው ልክ ይሰፋል። አሠሪው ለስለቱ ማስተካከያ ተጨማሪ ሰዓት ከከፈለ ስለቱ መሃል ለመሃል ይዘጋል። ካልከፈለ ወደ አንድ ጎን ይጠጋል። እዚያው ያንግጂያንግ ሃያ ዶላር የሚሸጥም ብዙ መቶ ዶላር የሚሸጥም ሰንጢ ይሠራል። ሰንጢው እጃችሁ ሲገባ የሚያጣራው እጃችሁ ነው። ከፍታችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፣ ይወላገዳል? ዝጉትና ከላይ እዩት፣ ስለቱ የት ነው? ገልብጣችሁ አራግፉት፣ ሳይከፈት ይቆያል? የሠሪው ስም ከነዚህ አንዱንም አይመልስላችሁም።

«ከዚያው ፋብሪካ በጓሮ በር የወጣ ነው» የሚለውን ማመን

የሠሪው ወሬ ገንዘብ የሚያስበላው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ያልተጻፈበት፣ ወይም የተጻፈበት፣ ዋጋው ግን ሩብ የሆነ ሰንጢ ይቀርብላችኋል። ሻጩ «ኦሪጅናሉን የሚሠራው ፋብሪካ ነው የሠራው፣ ማርኩ ብቻ ነው የቀረው» ይላችኋል። እውነት ለመምሰል የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ብራንዱ ቻይና ያሠራል ተብሎ መታወቁ። ለዚህ ነው ያልተረጋገጠ የፋብሪካ ስም በየቦታው መበተን ጉዳት የለውም የማይባለው፣ ለፎርጅድ ሻጩ ታሪክ እያቀበላችሁት ነው። አይዳሆ ውስጥ የሚሠራው ሰበንዛና ጎልደን የሚሠራው ፓራሚሊተሪ 2 እንኳ ፎርጅዳቸው ገበያውን ሞልቶታል፣ እነሱ ደግሞ ቻይና ተሠርተው አያውቁም። የጓሮ በሩ ታዲያ የየት አገር በር ነው?

ዋስትናንም አስቡ። ሰንጢው ቢሰበር የምትሄዱት ፋብሪካው ጋ አይደለም፣ ስሙን ያተመበት ብራንድ ጋ ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ልትከፍሉ ካሰባችሁ ለሻጩ ሦስት ጥያቄ ጻፉለት፦ ስለቱ ላይ የየት አገር ስም ይጻፋል፣ ካልተመቸኝ በስንት ቀን ውስጥ እመልሳለሁ፣ ለጥገና የምልከው ወደ የት ነው? ከአሜሪካ ውጭ ያላችሁ የመጨረሻውን በተለይ ጠይቁ። ሰንጢ በፖስታ የማይቀበሉ አገሮች አሉ፣ ዋስትናው በወረቀት ላይ ዕድሜ ልክ ቢሆንም ዕቃውን መላክ ካልቻላችሁ አይሠራላችሁም።